ቅሪተ አካል ፍለጋ ስትወጡ እነዚህን አታድርጉ

የጂኦሎጂ ተማሪዎችን ይዤ ከጎንደር ወደ ጭልጋ በወረድን ቁጥር አንዱ ጥርስ የመሰለ ነገር አንስቶ፣ አጥቦ፣ ኪሱ ከቶ ይመጣል። «ከየትኛው የድንጋይ ንጣፍ አነሳኸው?» ስለው «ከጓንግ ዳር» ይለኛል። ጓንግ እኮ ወንዝ ነው! ከላይ የተናደውን ሁሉ ጠርጎ ያወርዳል። ንጣፉ ካልታወቀ ዕድሜው አይታወቅም፤ ዕድሜው ካልታወቀ ጥርሱ ዲዳ ነው። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ከሥሩና ከላዩ ያለውን ድንጋይ ጻፉ፣ ከዚያ ባለሙያ እስኪመጣ እዚያው ተዉት። እኔም በተማሪነቴ አንድ የመንጋጋ ስባሪ እንዲሁ አነሳሁ። በማግስቱ ተመልሼ ቦታውን ብፈልገው አጣሁት፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ማጠቡም ጥፋት ነው። በሞሮኮ፣ ኹሪብጋ አካባቢ ካለው የፎስፌት (ማዳበሪያ የሚሠራበት ማዕድን) ደለል የሚወጣው ብዙ ቅሪተ አካል ተመራማሪ ዘንድ የሚደርሰው በነጋዴ እጅ አልፎ ነው። ንጣፉን የሚናገር ሰው ስለሌለ፣ አጥኚዎች አጥንቱ ላይ ተጣብቀው የቀሩትን ደቃቅ የሻርክ ጥርሶች እየለዩ ዘመኑን ይገምታሉ። የዝሆን ጥንታዊ ዘመድ የሆነው ፎስፋቴሪየም የተገኘው ከዚያ ደለል ነው። ጭልጋ የተገኘው የእኛው ጭልጋቴሪየምም የዝሆን ወገን ነው፤ ዕድሜው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። የትኛው እንደሚቀድም የምናውቀው በንጣፍ ነው።

በሎሚም ሆነ በኮምጣጤ አትንኩት፤ አሲድ አጥንቱን ይበላዋል።

ጭልጋ ላይ ዳይኖሰር አትፈልጉ። ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል።

«አጥንት ካለ ፎስፌት ይወጣል» የሚሉም አሉ። የኹሪብጋው ፎስፌት የባሕር ሥራ ነው። ከጥልቁ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ደቃቅ ሕይወትን ይመግባል፤ ያ ሲሞት ወለሉ ላይ ይከማቻል፤ ሲበሰብስ የሚለቀው ፎስፈረስ ጭቃው ውስጥ ማዕድን ይሆናል። ጭልጋ ግን የወንዝና የረግረግ ደለል ነው፤ ለዚህም ነው የድንጋይ ከሰል ያለው።

ባለፈው አንዱ ተማሪ ለአንድ አርሶ አደር «አባባ፣ ይህን አጥንት ፈጭተው ቢበትኑት ዳፕ ማዳበሪያ ነው» ሲላቸው ደረስኩ። ደሜ ፈላ። የፎስፌት ድንጋይ እንኳ ለሰብል ቶሎ የሚደርሰው ፋብሪካ ገብቶ በአሲድ ከታከመ በኋላ ነው፤ ቅሪተ አካል ደግሞ አንዴ ከተፈጨ ጠፋ። ይህንን ሳስረዳቸው አባባ ዝም ብለው አዳመጡና «እንግዲያው ልጄ፣ ከማሳዬ ጫፍ ጎርፍ የገለጠው አንድ ትልቅ አጥንት አለ። አልነካሁትም» አሉኝ። ጂፒኤሱን ይዘን ተከተልናቸው።