ሰው ለመምሰል ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ መጥቼ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ከሰው ለመግባት ያልሆንኩት ነገር አልነበረም። አዲስ ቦታ የሚጀምር ሰው እነዚህን ባይደግማቸው ደስ ይለኛል።

የአገርን አነጋገር መደበቅ

ያደግኩት ጎጃም ነው። ቢሮ ውስጥ ቃል እየመረጥኩ፣ ዜማዬን እያለዘብኩ አወራለሁ። እናቴ ስትደውል ግን ስልኩን ይዤ ወደ ደረጃው እወጣና እንደ ልቤ እናገራለሁ። አንድ ቀን ደረጃውን ስትወለውል የነበረች የጽዳት ሠራተኛ ቀና ብላ «ጎጃሜ ነህ ለካ! እኔም እኮ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ» አለችኝ። ስምንት ወር አንድ ፎቅ ላይ ስንሠራ ተደባብቀን ኖረናል።

ሰሚው እንዲገባው ብሎ ቃል መቀየር ያለ ነው። እኔን የጎዳኝ ፍተሻው ነበር። የምናገረው ሁሉ ከአፌ ከመውጣቱ በፊት ስለሚመረመር ሐሳቡ ያመልጠኛል፤ ስብሰባ ላይም ዝምተኛ የሚል ስም አተረፍኩ። ዝምተኛ ደግሞ አይደለሁም።

ሁሉም ስላሉ ብቻ መስማማት

ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰዎችን የመስመሮችን ርዝመት በዓይን ያስነጻጽር ነበር። በዙሪያቸው የተቀመጡት ተመካክረው ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ከተፈተኑት ውስጥ ወደ 75 በመቶ የሚሆኑት፣ በዓይናቸው እያዩት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተውን መልስ ተከትለዋል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ለሚል ሕዝብ ይህ ብዙም አይገርምም። እኔን የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ተከታዩ በጣም ቀነሰ። ስለዚህ ጉባኤውን ሁሉ መጋፈጥ አያስፈልግም። ከስብሰባው በፊት «ይህ ቁጥር ለአንተም አልገባህም?» ብሎ አንድ ሰው መጠየቅ ብዙ ያግዛል።

በይሉኝታ ከአቅም በላይ መክፈል

የቢሮው እቁብ ውስጥ የገባሁት «አልችልም» ማለት አፍሬ ነው። ሁለት ጊዜ ተበድሬ ጣልኩ። አበዳሪዬም የእቁቡ አባል ነበር።

«እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ መገተር

ማስመሰሉ ሲሰለቸኝ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። የአንድ ባልደረባችን አባት ሞተው ልቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሟቹን አንድም ቀን አይታቸው የማታውቅ የሥራ ጓደኛችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከቤተሰቡ ጎን ተቀመጠች። እኔ «የማላውቀውን ሰው ማልቀስ ማስመሰል ነው» ብዬ ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንዳለቅስ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ገብቶ መቀመጥ ይበቃ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ባለሐዘኑ ራሱ ተነሥቶ፣ በሳህን ንፍሮ ይዞልኝ ወጣ።