ስዊች ፖርት ላይ ስፒድ ስትገድቡና ቅድሚያ ስትሰጡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አዳማ ላይ የሆቴል ኔትወርክ የሚሰራ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ ስልጠና ወይ ስብሰባ ይመጣና አዳራሹ ይሞላል፣ ሁሉም ስልኩንም ላፕቶፑንም ዋይፋይ ላይ ያገናኛል፣ ከዛ ሪሴፕሽን ያለው የኔትወርክ ስልክ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ያኔ ነው ቴክኒሻኑ ተጠርቶ ስዊቹን፣ ኬብሎቹ ሁሉ ፖርቶቹ ላይ የሚሰኩበትን ሳጥን፣ መነካካት የሚጀምረው፣ ስህተቱም የሚበዛው ያኔ ነው።

እኔ ራሴ ባጠፋሁት ልጀምር፣ ኢንግረስና ኢግረስን ማምታታት። አንድ ሆቴል ውስጥ የአዳራሹ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው) ያለበትን ፖርት ኢንግረሱ ላይ 20 ሜጋ ብዬ ገደብኩት፣ ዳውንሎዱን የያዝኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በነጋታው ተደወለ፣ ሰዉ ቪዲዮ እያወረደ መስመሩን እንደጨረሰው ነው፣ ጭራሽ ፋይል የሚልኩት ናቸው የተቸገሩት። ኢንግረስ ወደ ስዊቹ የሚገባው ነው፣ ማለትም ከአዳራሹ የሚላከው አፕሎድ፤ ሰው የሚያወርደው ግን በዛ ፖርት ከስዊቹ የሚወጣው ስለሆነ የሚገደበው ኢግረስ ላይ ነው። ወደ ራውተር የሚሄደው ፖርት ላይ ደሞ ተገላቢጦሽ ነው። እና ሁሌ ስዊቹ ውስጥ እንደቆማችሁ አድርጋችሁ አስቡት።

ቁጥሩን ስትሞሉም አሀዱን እዩ። ብዙ ስዊች የሚጠይቀው በኪሎቢት ነው፣ 10 ሜጋ ለመስጠት 10000 አካባቢ መሙላት አለባችሁ። ደንበኛ ደሞ "10 ብለኸኝ 1.2 ነው የሚያሳየኝ" ካለ አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ባይት ነው፣ 10 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 1.25 ሜጋባይት ነው።

የፖርት ገደብ የሰው ገደብ አይደለም። አክሰስ ፖይንት ያለበትን ፖርት 10 ሜጋ ካደረጋችሁት ከስሩ ያሉት 40 ሰዎች ናቸው የሚካፈሉት፣ ለያንዳንዱ 250 ኪሎቢት፣ በዛ ዙም አይታሰብም። ለየሰው መገደብ ከፈለጋችሁ አክሰስ ፖይንቱ ወይ ራውተሩ ላይ ነው የሚሰራው።

አሁን ትልቁ፣ ብዙ ሰው የሚደክምበት፦ መጨናነቅ በሌለበት ቦታ ቅድሚያ መስጠት። ቅድሚያ የሚሰራው ሰልፍ ሲኖር ብቻ ነው፣ መናኸሪያው ባዶ ከሆነ ማን ቀድሞ ገባ ምን ለውጥ አለው? የኢንተርኔቱ መስመር 50 ሜጋ ሆኖ የስዊቹ ፖርቶች 1 ጊጋ ከሆኑ ሰልፉ ስዊቹ ላይ አይፈጠርም፣ ራውተሩ ላይና ከዛ ወዲያ ነው። ስለዚ ስዊቹ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቅድሚያ ብትሰጡ የሪሴፕሽኗ ድምፅ መቆራረጡን አይተውም። የሚያድናት የአዳራሹን ዳውንሎድ 35 ሜጋ ላይ አቁማችሁ ለሌላው ቦታ መተው፣ ራውተሩ ላይ ደሞ አፕሎዱን ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ድምፁን ማስቀደም ነው። የስዊቹ ቅድሚያ የሚጠቅመው ለምሳሌ ፎቆቹን የሚያገናኘው ኬብል በካሜራ ሲሞላ ነው፣ እዛ በርግጥ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

እዛም ቢሆን ካሜራውንም ስልኩንም የማናጀሩንም ላፕቶፕ ስትሪክት ፕራዮሪቲ ውስጥ አትክተቱ፣ ስትሪክት ማለት የላይኛው ካላለቀ የታችኛው አይንቀሳቀስም ማለት ነው፣ ካሜራ ደሞ አያልቅም። ስትሪክቱን ለድምፅ ብቻ ስጡ፣ አንድ ጥሪ ባንድ አቅጣጫ 100 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም፣ ማንንም አይጎዳም። ሌላውን በክብደት፣ ለያንዳንዱ ድርሻ እየሰጣችሁ፣ አካፍሉት።

ሌላው ትረስት የሚባለው ነገር ነው፣ ማለትም ፖርቱ መሳሪያው ፓኬቱ ላይ የጻፈውን የቅድሚያ ምልክት ይመን ወይ አይመን የሚለው። ስልኩ ፓኬቱ ላይ ዲኤስሲፒ 46 (የድምፅ የቅድሚያ ቁጥር) ብሎ ቢልክም ፖርቱ ካላመነው አንዳንድ ስዊች ዜሮ አድርጎ ያሳልፈዋል፣ እናንተ የስልኩን ሴቲንግ ስትፈትሹ ትውላላችሁ። የእንግዳ ፖርት ላይ ግን ትረስት አታብሩ፣ ማንም ራሱን ድምፅ ነኝ ሊል ይችላል። 802.1ፒ የሚባለውን ሌላውን የቅድሚያ ምልክት የምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ ቁጥሩ ያለው የቪላን ታጉ (የየትኛው የኔትወርክ ክፍል እንደሆነ የሚናገረው ምልክት) ውስጥ ስለሆነ ታግ ከሌለው ፖርት ምንም አትጠብቁ።

በመጨረሻ ሴቭ አድርጉ። ብዙ ስዊች ላይ አፕላይ ያላችሁት ራም ላይ ብቻ ነው ያለው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠዋት የደከማችሁበት ሁሉ የለም፣ አዳራሹም ያኔ ሞልቷል።