በስኩተር ወደ ድንበር ዳር፦ ረጅም መንገድ ላሰባችሁ

ስኩተር ለከተማ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ ተዉት። ጤነኛ የሆነ ባለ 125 ሲሲ ስኩተር ሰው ብዙም የማይደርስበትን የድንበር አካባቢ በደንብ ያዳርሳችኋል። ቀላል ነው፣ ነዳጅ አይፈጅም፣ ቢወድቅ ብቻችሁን ታነሱታላችሁ። ግን የራሱ ጠባይ አለው። ለትልቅ ሞተር ሳይክል የተሰጠ ምክር ይዛችሁ ከወጣችሁ፣ መንገዱ ሲከፋ ብዙም አይጠቅማችሁም።

መጀመሪያ ርቀቱን ቀንሱ። ካርታ ላይ 200 ኪሎ ሜትር ምንም አይመስልም። የድንበር መንገድ ግን ተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል፣ አስፋልቱ ሳይታሰብ ያልቅና ኮረኮንች ይተካዋል፣ ዝናብ ከነበረ ደግሞ ናዳ ዘግቶት ግማሽ ቀን ሊያስቆማችሁ ይችላል። የስኩተር ጎማ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ሞተር የሚያልፈው ጉድጓድ እናንተን ሊጥላችሁ ይችላል። አስፋልት ከሆነ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ኮረኮንች ከበዛ 80ም ብዙ ነው። በማለዳ ተነሱ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ማደሪያ ያዙ። ማታ ግን በፍጹም አትንዱ።

ነዳጅ ላይ አትጫወቱ። የብዙ ስኩተሮች ታንክ 5 ሊትር አካባቢ ነው የሚይዘው። በ100 ኪሎ ሜትር ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ይፈጃሉ፤ ዳገትና ጭነት ሲጨመርበት ከዚያም በላይ። ስለዚህ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፣ ማደያው ሩቅ ከሆነም ለነዳጅ ተብሎ በተሠራ ጀሪካን አንድ ሁለት ሊትር ያዙ። በነገራችን ላይ የብዙ ስኩተሮች የነዳጅ ክዳን ከወንበሩ ሥር ነው። ሻንጣችሁን ወንበሩ ላይ ከጠፈራችሁት በየማደያው ገመድ ስትፈቱና ስታስሩ ነው የምትውሉት። ከባዱን ዕቃ እግር ማስቀመጫው ላይ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከኋላ ብዙ ከተጫነ ፊቱ ይቀልና ዳገት ላይ መሪው መዋለል ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አብዛኛው ስኩተር ማርሽ የለውም። የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በላስቲክ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ስኩተሩ ንቅንቅ አይልም። ብዙ ስኩተሮች ላይ በ20,000 እና 25,000 ኪሎ ሜትር መካከል ይቀየራል። ከመነሳታችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ጠርዙ ከተሰነጣጠቀ ወይም ከሳሳ ይቀየር። ደህና ቢሆንም ትርፍ ቺንጋ ያዙ፤ ቦታ አይፈጅም፣ እናንተ መግጠም ባትችሉ እንኳ የገጠር መካኒክ ይገጥመዋል፣ የማያገኘው ዕቃውን ነው።

ያው ቺንጋ ውሃ አይወድም። ክፍሉ አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ ስላለው ጥልቅ ወንዝ ከገባችሁ ውሃው ቺንጋው ጋ ይደርሳል። ከዚያ ጋዝ ስትሰጡ ሞተሩ ያጓራል፣ ስኩተሩ ግን አይጎትትም። መፍትሔው ቀድሞ ማሰብ ነው፦ በእግራችሁ ገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ፣ ውሃው የጎማውን መሐል ከነካ በጀልባ፣ በጭነት መኪና ወይም በሌላ መንገድ እለፉ። ውሃ ከገባ ደግሞ ማፍሰሻ ካለው ከፍታችሁ አፍስሱና ቺንጋው እስኪደርቅ ታገሱ።

ቁልቁለት ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስኩተር ፍሪሲዮን የሚይዘው በሞተሩ ዙር ነው። ጋዙን ለቃችሁ ፍጥነታችሁ በጣም ሲወርድ ፍሪሲዮኑም ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ስኩተሩ ዝም ብሎ ይንከባለላል፣ የሚያቆመው ፍሬኑ ብቻ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል። እንዲህ አድርጉ፦ ስኩተሩ በነፃ መንከባለል ሲጀምር ጋዙን ለቅጽበት ነካ አድርጉና ልቀቁት፣ ፍሪሲዮኑ ይይዝና ሞተሩ ራሱ ይጎትተዋል። ፍሬኑን ሳትጫኑት እንዳትውሉ፣ ጨብጣችሁትም እንዳትወርዱ፤ ያዝ ለቀቅ ነው። እጀታው ከበፊቱ ጠልቆ መግባት ከጀመረ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ቁሙ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ሌላው ባትሪ ነው። ስኩተር ተገፍቶ አይነሳም። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ ከሌለው ባትሪ ሲሞት ጉዞው አለቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ በኪስ የሚያዝ ባትሪ ማስነሻ መያዝ አይከፋም። ከዚህ ሌላ ካንዴላ፣ ፊውዝ፣ የፍሬን እጀታ፣ የጎማ መድፈኛ፣ ትንሽ መንፊያና የስኩተሩን ብሎኖች የሚፈቱ ቻቪዎች ያዙ። ብዙ ስኩተሮች ላይ የኋላ ጎማ የሚወጣው ማርሚታው ከተፈታ በኋላ ስለሆነ ቻቪያችሁ እሱንም መፍታቱን ቤት ሞክሩት። የሞተር ዘይቱ አንድ ሊትር አይሞላም፤ ትንሽ ሲጎድል ይጎዳል። በየጠዋቱ እዩት።

ወረቀት ሌላ ራስ ምታት ነው፣ ግን አስቀድሞ ከተሠራ ያልቃል። በብዙ አገር መኪና የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ ለሞተር በቂ አይደለም፤ የሞተር ምድብ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፣ በ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫና በ1968ቱ የቪየና ስምምነት የሚሰጥ። ቬትናም ለምሳሌ የቪየናውን እንጂ የጄኔቫውን አትቀበልም። ትክክለኛው ወረቀት ሳይኖራችሁ ከወደቃችሁ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። የድንበር ፈቃድም አለ። በታጂኪስታን የፓሚር ተራሮችን መንገድ ለመሄድ ከቪዛው ሌላ መንገዱ የሚያልፍበት የጎርኖ ባዳኽሻን ክልል ፈቃድ ይጠየቃል፣ የሕንዷ አሩናቻል ፕራዴሽም ለውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ትጠይቃለች። በርከት አድርጋችሁ ኮፒ ያዙ፣ በየኬላው ሊወስዱባችሁ ይችላሉ። ስኩተሩ የኪራይ ከሆነ ወደዚያ አካባቢ መሄድ እንደሚቻል ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ፓስፖርታችሁን ደግሞ መያዣ አድርጋችሁ አትተዉ፤ ኬላ ላይ የምትጠየቁት እሱኑ ነው።

ይህን ግን በደንብ ያዙልኝ። ድንበር አካባቢ ከመንገድ አትውጡ፣ ለሽንትም ቢሆን። በካምቦዲያና በታይላንድ ድንበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቀበረ ፈንጂ ገና ተጠርጎ አላለቀም። ላኦስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ተጥሏል፣ ያልፈነዳው ብዙ ነው፣ በቬትናም ድንበር በኩል ደግሞ ይበዛል። ሰው የረገጠውን ብቻ ርገጡ። ኬላ፣ ድልድይና ወታደር ፎቶ አታንሱ። ድሮን ቤት ይቅር።

ስልካችሁ ድንበር ሲጠጋ የጎረቤት አገር ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ሮሚንግ ዝጉ፣ ሰዓቱም በራሱ እንዳይቀየር አድርጉት፤ አለዚያ ማለዳ ለመነሳት የሞላችሁት ደወል በሌላ ሰዓት ይጮሃል። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱ። ማታ ማታ ነገ የት እንደምትሄዱና የት እንደምታድሩ ለአንድ ሰው ላኩ፣ ድምፃችሁ ስንት ሰዓት ከጠፋ ለማን መደወል እንዳለበትም ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።