የጠፋችው የባሕር ላም ዘመዶች ከድሬ ሩቅ አይደሉም፤ እንዲህ ፈልጓቸው

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ከሆናችሁ፣ ከምድር የጠፋች አንዲት ግዙፍ የባሕር እንስሳ የሥጋ ዘመዶችን ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። አንዱ ሽኮኮ ነው፣ ገደል ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሌላው ዝሆን ነው፣ ባቢሌ ቁልቋል ይበላል። ግን ምን እንደምታዩ እንድታውቁ መጀመሪያ ስለ ጠፋችው ልንገራችሁ።

በ1741 እ.ኤ.አ. ለሩሲያ ያገለግል የነበረው የባሕር አሳሽ ቤሪንግ መርከብ ከካምቻትካ (የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ) ማዶ ሰው የማይኖርባት ደሴት ላይ ተሰባብሮ ቀረ። አብሮ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኦርግ ሽቴለር፣ ዳርቻው ላይ በመንጋ ሆነው የባሕር አረም የሚግጡ እንስሳት አየ፤ የባሕር ላሞቹ እነዚህ ናቸው። ርዝመታቸው 8 ሜትር ገደማ ነው። ጥርስ የላቸውም፣ ጠልቀው ማምለጥ አይችሉም፣ ሰውም አይፈሩም። ከጻፈው ሁሉ እኔን አንጀቴን የሚበላኝ አንድ ነገር ነው፦ አንዲት ሴት በመንጠቆ ተይዛ ስትጎተት ወንዱ ሊያስጥላት ይታገል ነበር፣ ከሞተች በኋላም ሁለት ቀን ወደ ዳር እየመጣ ፈለጋት። ከዚያ ለፀጉራማ ቆዳ የሚያድኑ ሰዎች ወደ ደሴቶቹ ጎረፉ፣ ሥጋዋን ስንቅ አደረጉት። በ1768 አለቀች። ሽቴለር ባያት በ27 ዓመት!

ከዚህ ቤተሰብ ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው፤ ዱጎንግና ሦስት ዓይነት ማናቲ። ቅርባችን ያለችው የቀይ ባሕሯ ዱጎንግ ናት። የባሕር ሣር የምትበላ፣ ርዝመቷ እስከ 3 ሜትር የሚደርስ ገራም እንስሳ ናት። ጅራቷ እንደ ዓሣ ነባሪ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ የማናቲ ግን ክብ። ዕድል ገጥሟችሁ ብታዩዋት በጀልባ አታሳዷት፤ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለባት።

አሁን በየብስ ወዳሉት ዘመዶቿ፣ መጀመሪያ ወደ ሽኮኮ። ዛፍ ላይ የሚዘለውን ባለጅራቱን ሳይሆን ጅራት አልባውን የገደል ሽኮኮ ነው የምላችሁ። ማለዳ ውጡ። ሌሊት ሰውነቱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ ድንጋዩን ስትነካ ወጥቶ ይሞቃል፤ የድሬ ሙቀት ሲበረታ ግን ተመልሶ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እንደ ደንገጎ ዳገት ያለ ድንጋያማ ቦታ ምረጡና እረኞቹን ጠይቁ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ገደሉ ላይ ነጭና ቡናማ ሆኖ ወደ ታች የወረደ ነገር ካያችሁ ደርሳችኋል፣ ሽንታቸው ነው፤ ለረጅም ዘመን አንድ ቦታ ስለሚሸኑ ደርቆ ድንጋዩ ላይ ይጋገራል። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ወሬ አቁሙ። አንዱ ዘብ ይቆማል፣ እሱ ከጮኸ ሁሉም እብስ ይላሉ፤ አትነሱ፣ ከታገሣችሁ ይመለሳሉ። ባይኖኩላር ካላችሁ ሲያዛጋ አፉን እዩ። ከላይ ሁለት ሹል ጥርሶች አሉት፣ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ የዝሆን ጥርስም እንደዚሁ የፊት ጥርስ ነው። ከዚያ ወደ እግሩ ውረዱ። አብዛኞቹ ጣቶቹ ላይ ያለው እንደ ድመት ጥፍር ሹል ሳይሆን እንደ ዝሆን ጥፍር ጠፍጣፋ ነው። ያቺ ትንሽ እግር ከዝሆን እግር ጋር ያላትን ዝምድና በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ባቢሌ መሄድ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፣ የኤረርና የጎቤሌን ሸለቆዎች ይይዛል። ከሐረር በጅጅጋ መንገድ ባቢሌ ከተማ ትወርዳላችሁ። ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ቀድማችሁ አጣሩ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስካውት (የመጠለያውን ጠባቂ) ሳትይዙ በጭራሽ አትግቡ። ሰፈራው፣ ከሰሉና አደኑ ዝሆኖቹን ስላስጨነቃቸው ሰው ሲጠጋቸው ይቆጣሉ፣ አይፈረድባቸውም። ነፋሱ ከእናንተ ወደ እነሱ እንዳይነፍስ አድርጉ። ሴቷን ካገኛችሁ ጡቷን ፈልጉ፤ እንደ ላም ከኋላ ሳይሆን በፊት እግሮቿ መካከል ነው፣ ዱጎንግም የምታጠባው ከፊት ቀዘፋዋ ሥር ነው። ግልገል ካለች ግን ፎቶው ይቅር። ስካውቱ «እንመለስ» ካለ፣ ያኔውኑ ተመለሱ።