የካርታዬ ጠርዝ ሲጠይም ያደረግኩት

ካርታ ሠሪው አብርሃም ኦርቴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1573 ያወጣው፣ አውሮፓውያን በአፈ ታሪክ የሚያውቁት የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ አገር፣ ማለትም የእኛዋ ሐበሻ ካርታ አንድ ቅጂ አለኝ፤ ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ፣ በእጅ የተቀባ። አምና ክረምት ዙሪያውን ቡናማ መስመር ከበበው። ደነገጥኩ። ፍሬሙን ስፈታው ምክንያቱ ተገኘ፦ ርካሽ ካርቶን። ከእንጨት የሚሠራ ካርቶን አሲድ ስላለው ወረቀቱን ቀስ እያለ ይበላዋል።

አሲድ በሌለው የጥጥ ካርቶን ቀየርኩት። ፕላስተር ጭራሽ አልተጠቀምኩም፤ ከላይ ብቻ በሁለት ቁራጭ ስስ ግን ጠንካራ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ አንጠለጠልኩት። ውሃ እንዳታስነኩት፣ ቀለሙ ሊፈስ ይችላል! ከጀርባው አረንጓዴው ቀለም ቡናማ ሆኖ ዘልቆ ይታያል፤ ይህ ግን ከመዳብ የተሠራ የድሮ ቀለም ምልክት ስለሆነ ደስ አለኝ።

የቀድሞው መስመር አልለቀቀም። እስከ ዛሬ ግን አልሰፋም።