በሰባ ሰባት ከወሎ ለሰፈራ የወጣ አያትን ሕይወት ተከታትሎ ለማግኘት

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰፈሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ አድገው «አያቴ የት ደረሰ?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። ጥያቄው ከሁለት ወገን ይመጣል፤ አንዱ ወሎ ቀርቶ የሄደውን የሚፈልግ ሲሆን ሌላው ወለጋ፣ ኢሉባቦር ወይም ፓዌ ተወልዶ የአያቱን አገር የሚፈልግ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተዘጋጀው ለመጀመሪያው ቢሆንም፣ ሁለተኛውም ያንኑ መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሊሄድበት ይችላል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፣ በዚያ ዘመን የገጠር ሰው ሲወለድም ሆነ ሲሞት የምስክር ወረቀት እንደማይጻፍለት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በተግባር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ የአያትዎን ስም ብቻ ይዘው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ቢዞሩ ባዶ እጅዎን የመመለስዎ ነገር ያመዝናል። እኔ የማምንበት መንገድ፣ ሰውየውን ብቻውን መፈለግ ትቶ አብረውት የተጫኑትን መፈለግ ነው። መንግሥት በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲያሰፍር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተነሣው ከወሎ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው የወጣው ደግሞ ከጎረቤቱ፣ ከአማቹ ወይም ከአንድ ገበሬ ማኅበር ሰዎች ጋር ነው። የአንድ ሰው ዱካ በጠፋበት ቦታ የጎረቤቱ ዱካ ብዙ ጊዜ አለ።

ሥራው የሚጀመረው ከቤት፣ ከስም ነው። የአያትዎን ስም እስከ አያቱ፣ ከተቻለም እስከ ቅድመ አያቱ ይጻፉ፤ ክርስቲያን ከነበረ የክርስትና ስሙን የቤተሰቡን የንስሐ አባት ይጠይቁ፤ በሰፈር የሚጠራበት ቅጽል ስም ካለም አይተዉት፣ ምክንያቱም በሰፈራ ጣቢያ የሚያስታውሱት ሰዎች የሚያውቁት ያንን ብቻ ሊሆን ይችላል። በወሎ በአንድ የትውልድ ሐረግ ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም ጎን ለጎን መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ የአባትና የልጅ ስም በሃይማኖት ስለተለያየ ብቻ አንድን ፍንጭ መጣል ትልቅ ጉዳት ነው። መዝጋቢው «መሐመድ»ን ሦስት ዓይነት አድርጎ ሊጽፍ እንደሚችል፣ ልጅም በእንጀራ አባቱ ወይም ባሳደገው አጎቱ ስም ተመዝግቦ ሊገኝ እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ። ሴት አያትን የሚፈልጉ ከሆነ በመዝገብ ላይ «ባለቤት» ተብላ በባልዋ ስር ልትጠፋ ትችላለች፤ እሷን በአባቷ ስም፣ በወንድሞቿና በተወለደችበት ጎጥ በኩል ለብቻዋ መከተል ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቦታው ይለይ። «ከወሎ ነው የመጣው» የሚለው ቃል አይበቃም፤ በዚያን ጊዜ ክፍለ ሀገሩ አምባሰል፣ የጁ፣ ራያና ቆቦ፣ ላስታ፣ ዋግ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ደሴ ዙሪያ፣ ቃሉ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ፣ ቦረና እና አውሳ በሚባሉ 12 አውራጃዎች የተከፈለ ነበር። ዛሬ ያው መሬት በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎ፣ በዋግ ኽምራ፣ በከሚሴው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በአፋር ክልል በአብዛኛው ተከፋፍሎ ስለሚገኝ፣ ሽማግሌው «የጁ» ሲሉ የዛሬውን ወረዳ ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል። ከአውራጃው አልፈው ወረዳውን፣ የገበሬ ማኅበሩን፣ ጎጡን፣ የቅርቡን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስም ይያዙ። የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ተከትሎ በመሆኑ፣ በሰባ ሰባት ማን ሊቀመንበር እንደነበር ማወቅ ብቻውን ብዙ በር ይከፍታል፤ ለሰፈራ የሚነሡት የተመዘገቡት በአብዛኛው በማኅበሩ በኩል ወይም በመጠለያ ነበርና።

የወጣበትን ጊዜ በወር ደረጃ ለማጥበብ ይሞክሩ። ሰው ዓመተ ምሕረት ባያስታውስ እንኳ «ከኅዳር ሚካኤል በፊት»፣ «ረመዳን ሊገባ ሲል»፣ «እህል ከደረቀ በኋላ» ብሎ ያስታውሳል፤ እነዚህን እንደተነገሩ ይጻፉና በኋላ ያመሳክሩ። ሰፈራው በስፋት የተጀመረው በኅዳር 1977 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ በ1978 ዓ.ም. ለጊዜው ቆሞ በኋላ በአነስተኛ ደረጃ ቀጥሏል። ይሁንና አያትዎ በሰባ ሰባት ሳይሆን ቀደም ብሎ የሄደ ሊሆን ይችላል፤ አሶሳ ላይ የወሎ ሰዎች የሰፈሩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነውና «በድርቅ ጊዜ» የሚለው አባባል ከ1966ቱም ድርቅ ጋር ሊቀላቀል እንደሚችል ልብ ይበሉ። የውጭ ሰነድ ሲያገላብጡ ደግሞ የእኛ 1977 የእነርሱ 1984 ማብቂያና 1985 መሆኑን አይርሱ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው በየትኛው መጠለያ እንደቆየ ነው፤ ኮረም፣ ባቲ፣ ቆቦ ወይም ሌላ። ከፊሉ በፈቃዱ ተመዝግቧል፣ ከፊሉም ተታሎ ወይም ተገዶ ተወስዷል፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በተለያየ መኪና ተጭነው የተለያዩበት አጋጣሚ ስለነበረም ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ቦታ ደርሷል ብሎ መነሣት አይገባም።

የደረሰበትን ቦታ ለመለየት የሰፈራውን ዓይነት መጠየቅ ጠቃሚ ነው። መደበኛ በሚባለው ሰፈራ ሰዎች በትልልቅ አዳዲስ መንደሮች ይሰፍሩና በጋራ እርሻ ይሠሩ ነበር፤ ፓዌ በመተከል፣ ቄጦና አሶሳ በወለጋ፣ ጋምቤላም በጊዜው በኢሉባቦር ሥር ሆኖ የዚህ ዓይነት ነበሩ። ስግሰጋ በተባለው ደግሞ ሰፋሪው በኢሉባቦር፣ በወለጋና በከፋ በነባሩ ገበሬ መካከል ጎጆ ተሠርቶለት ይገባ ነበር። ልዩነቱ ለፈላጊው ብዙ ነገር ይወስናል። በመደበኛ ሰፈራ መንደሮቹ በቁጥር ይጠሩ ስለነበር «ፓዌ፣ መንደር ይህን ያህል» የሚል አንድ ቃል ከተገኘ ፍለጋው ወደ ጥቂት መቶ አባወራዎች ይጠባል። በስግሰጋ ግን ምስክሮቹ የኦሮሞ ወይም የሌላ ነባር ማኅበረሰብ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሰፋሪው ልጆች በዚያው አግብተው፣ ስማቸውም ከአካባቢው ተወስዶ ሊሆን ስለሚችል የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አብሮ መሄድ አለበት። የዛሬው አስተዳደርም ተለውጧል፤ ፓዌና አሶሳ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ቄጦ በኦሮሚያ ቄለም ወለጋ፣ ጋምቤላም ራሱን የቻለ ክልል ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ሞት ነው፤ እሱንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የደጋ ሰው ወባ ወዳለበት ቆላ፣ ያውም በረኃብ ተጎድቶ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው አልቋል፤ ፈላጊው ይህን ሊሰማ እንደሚችል አውቆ ይነሣ። ለቤተሰቡ መርዶ መጥቶ እንደሆነ፣ መቼ እንደመጣና በተለይ ማን እንዳመጣው ይጠይቁ። መርዶ ነጋሪው ወይም የነገረው ሰው ከሁሉ የቀረበ ምስክር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሰፈራ ጠፍቶ ተመልሶ የመጣ የዚያው አገር ሰው ይሆናል። ለቅሶ ተቀምጠው፣ ተዝካር ወይም ሶደቃ አውጥተው እንደሆነ የቅሬው (የእድሩ) ሰዎች ያስታውሳሉ። መርዶ ሳይመጣ በዝምታ ብቻ ሞቷል የተባለ ሰው ግን ገና ያልሞተ ሰው ሆኖ ይፈለግ።

ተመላሾች ውድ ምንጭ ናቸው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ እጅግ ብዙ ሰፋሪ ወደ ወሎ ተመልሷል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ከወለጋ በግጭት የተፈናቀሉ የሰፋሪ ቤተሰቦች በወሎ መጠለያዎች ኖረዋል። እነዚህን ሰዎች የሚጠይቅ ሰው ስለራሳቸው መከራ መጀመሪያ ሊያዳምጣቸው ይገባል። ሌላም ብርቱ ጉዳይ አለ፤ የሄዱት ሰዎች መሬት ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር ስለ ዘር ሐረግ የሚጠይቅ እንግዳ ሁሉ መሬት ፈላጊ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ወደ መንደሩ ሲገቡ የአገር ሽማግሌ ይዘው፣ ዓላማዎን አስቀድመው ይናገሩ፤ ለሽማግሌውም «አባባ፣ ለመሬት አይደለም የመጣሁት፤ አያቴ በሰባ ሰባት ከናንተ ጋር ወጥቶ ነበር፣ አብሮት ማን እንደተጫነ ቢነግሩኝ ብዬ ነው» ቢሏቸው መልሱ ይለወጣል። ወደ ሰፈራው ቦታ ከመሄድዎ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም በስልክ ያጣሩ።

ወረቀት የሚፈለገው ከዚህ በኋላ ነው። በአዲስ አበባ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የመንግሥት ሰነዶችንና ጋዜጦችን ይይዛል፤ በሰፈራው ላይ የተሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛሉ፤ እነዚህ የአያትዎን ስም ባይሰጡም የመንደሩን ሁኔታ ይሰጡዎታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወልድያ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ስለተጎዱ፣ እዚያ ሰነድ ባይገኝ በሰፈራው ወረዳ በኩል መጠየቅን አይተዉ። በሕይወት ሊኖር የሚችል ዘመድ የሚፈለግ ከሆነ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ የሚጠይቀውም ከላይ የሰበሰቡትን ስም፣ ጎጥና የመለያያ ቦታ ነው።

የተሰበሰበው ቃል እርስ በርሱ ሲጋጭ አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ አይገባም። እያንዳንዱን ቃል ከተናጋሪው ስም፣ ከዝምድናውና ራሱ አይቶ ወይስ ሰምቶ እንደተናገረ ከሚገልጽ ማስታወሻ ጋር ለየብቻ ይጻፉ። በአንድ መኪና የሄዱ ሁለት ሰዎች፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ አንድ መንደር ከጠሩ በዚያ ላይ መቆም ይቻላል፤ አሥር ሰው ከአንድ ሰው ሰምቶ የሚናገረው ግን የአንድ ሰው ቃል ነው። በቃል የተቀዳውን ድምፅ አንድ ቅጂ ወሎ ላሉት ቤተሰቦች፣ አንድ ቅጂ ሰፈራው ላይ ለቀሩት ይስጡ፤ ሌላው ወገን የሚጎድለውን ስም የሚሞላው ያንን ሲሰማ ነውና።