አቮካዶ እንዴት ይዳቀላል? አስራ ሰባት ችግኝ ከገደልኩ በኋላ የገባኝ

ኮምቦልቻ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ ከዘር የበቀለ አንድ አቮካዶ አለ። ስምንት ዓመት ጥላ እንጂ ፍሬ አላየንበትም። በዘጠነኛው ዓመት አፈራ። ግማሹ ዘር ነው፤ የቀረው ውሃና ክር። ዘሩን የተከልነው ግን እንደ ቅቤ ከሚሆን፣ ቤተሰቡ ተሻምቶ ከበላው አቮካዶ ነበር። እናቴ «አፈሩ ነው ያበላሸው» ትላለች።

አፈሩ አይደለም። የአቮካዶ ዘር እንደ ልጅ ነው፤ እናቱን ሊመስልም ላይመስልም ይችላል። አባቱን ደግሞ የሚያውቀው አበባው ላይ ያረፈው ንብ ብቻ ነው። የወደዳችሁትን አቮካዶ ሳይለወጥ ማግኘት ከፈለጋችሁ፣ ከዛፉ ቀንበጥ ቆርጣችሁ ከዘር በበቀለ ሌላ ችግኝ ላይ መቀጠል ነው ያለባችሁ። ችግኝ ጣቢያዎች «የተዳቀለ» ብለው የሚሸጡት ይሄንን ነው። ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። እንደ ከብት ማዳቀል ሁለት ዘር አይቀላቀልም። ሥሩ የታችኛው፣ ፍሬው የላይኛው ሆኖ አብረው ይኖራሉ። ጊዜም ታተርፋላችሁ፤ የተዳቀለ በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይጀምራል።

ዛሬ በዓለም ገበያ ዋናው የሆነው፣ ሲበስል ቅርፊቱ የሚጠቁረው ሀስ የሚባለው አቮካዶ የመጣው ከአንድ ዛፍ ነው። ሩዶልፍ ሀስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስታ አዳይ ነበር። ከዘር ባበቀለው ችግኝ ላይ ፉኤርቴ የሚባለውን ዝርያ ሊያዳቅል ሞከረ። አልያዘም። ደገመ፤ አሁንም አልያዘም። ችግኙን ትቶት አደገና አፈራ፤ ልጆቹ ፍሬውን ወደዱት። በ1935 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት። እናት ዛፉ በ2002 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ዓለም ላይ ያለው ሀስ ሁሉ ግን ከእሱ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። እኔም ካዳቀልኳቸው ሃያ ችግኞች አስራ ሰባቱ ሲሞቱብኝ በዚህ ታሪክ ተጽናንቻለሁ። የእኔዎቹ ግን ታዋቂ አልሆኑም።

ከመጀመራችሁ በፊት ቦታችሁን እዩ። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ሐይቅ ዙሪያ ለአቮካዶ ይመቻል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ለጋውን ችግኝ ይጎዳዋል። የደሴ ልጆች አትቀየሙኝ። ከግንብ ሥር ተጠልሎ ያደገ አይቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አልመክርም።

ዘሩና ችግኙ

ዘር በገንዘብ አትግዙ። ጁስ ቤት ሂዱ። ስፕሪስ ሲሠሩ የሚጥሉትን ዘር በፌስታል ሞልተው ይሰጧችኋል፤ «ለምንህ ነው?» ብለው ይስቁባችሁ ይሆናል እንጂ አይከለክሉም። የዚያኑ ቀን የወጣውን ብቻ ውሰዱ። የአቮካዶ ዘር እንደ ባቄላ ደርቆ አይቀመጥም፤ ከደረቀ ሞተ። ታጥቦ ጥላ ውስጥ፣ ቢበዛ በጥቂት ቀን ውስጥ መተከል አለበት።

ሥር አበስባሹን ፋይቶፍቶራን ለመከላከል ዘሩን ከ49 እስከ 50 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግን ይቅርባችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ሙቀቱን በእጄ ገምቼ ዘሩን በሙሉ ቀቅዬዋለሁ።

አፈሩ፦ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። የችግኝ ላስቲክ ካጣችሁ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይበቃል፤ ታቹን መብሳት እንዳትረሱ። የዘሩ ሰፊው ጎን ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ ጫፉ ትንሽ እንዲታይ አድርጋችሁ ትከሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል። እኔ መስከረም ላይ እተክላለሁ፤ መጋቢት ላይ ግንዱ እርሳስ ያህል ይወፍራል። ለማዳቀል የምንፈልገው ውፍረት ይሄ ነው።

ቀንበጡ

ፍሬውን ከበላችሁለት ዛፍ ብቻ ቁረጡ። «ጥሩ ነው አሉ» ለሚባል ዛፍ ሦስት ዓመት አይጠበቅም።

የምትፈልጉት የቅርንጫፍ ጫፍ ነው። ገና ለምለም ሆኖ የሚጎብጠው አይሆንም፤ አርጅቶ እንጨት የሆነውም አይሆንም። መሃሉን ምረጡ፦ ክብ፣ ጠንከር ያለ፣ እንቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ። ውፍረቱ ከችግኛችሁ ግንድ ጋር ቢቀራረብ ሥራችሁ በግማሽ ይቀላል። ዛፉ የራሳችሁ ከሆነ፣ ከመቁረጣችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ የቀንበጡን ቅጠሎች ጭራቸውን እያስቀራችሁ ቁረጡ። ዛፉ ላይ እንዳለ እንቡጡ ማበጥ ይጀምራል።

የሚበቃችሁ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱት። በመንገድ ላይ ፀሐይ አይንካው። ከሐይቅ ያመጣሁትን ቀንበጥ ሚኒባስ ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጬው ኮምቦልቻ ስደርስ ለማገዶ ደርሶ ነበር።

መቁረጥና ማጋጠም

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አስራ ሰባቱ የሞቱት እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቢላ። የኩሽና ቢላ አይሆንም፤ የቱንም ያህል ብትስሉት ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። ምላጭ ደግሞ ይጣመማል፣ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። የማዳቀያ ቢላ ካገኛችሁ እሰየው። እኔ የምሠራው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በገዛሁት ካተር ነው። ዋናው ነገር ስለቱ አዲስ መሆኑ ነው። ከእያንዳንዱ ችግኝ በኋላ በአልኮል ጥረጉት።

ችግኙን ከአፈሩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከቁርጡ በታች ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች ተዉለት፤ ሥሩን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ከዚያ ግንዱን ከአናቱ መሃል ለመሃል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ሰንጥቁ። የቀንበጡን ታች ደግሞ በሁለት ጎን ቅረጹና ሽብልቅ አስመስሉት። እያንዳንዱን ጎን በአንድ ስበት ጨርሱት። እየደጋገማችሁ ብትፍቁት ወለሉ ይጎረብጣል፣ መሃሉ ላይ አየር ይቀራል። የተቆረጠውን ቦታ በጣት መንካት የለም። መጀመሪያ በረባ ባልረባ ቅርንጫፍ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተለማመዱ። እኔ አልተለማመድኩም።

አሁን ሽብልቁን ስንጥቁ ውስጥ አስገቡት። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ቀንበጡን መሃል ላይ አቆምኩት። ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ ፎቶ የሚነሳ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቀንበጦቹ ተራ በተራ ጠቆሩ። ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ ጨመርኩ። ከዚያ ጥላው ነው አልኩ። በመጨረሻ ተናድጄ የሞቱትን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ከሃያው የዳኑት ሦስት ብቻ ነበሩ። ሦስቱም ሳስራቸው እጄ ተንቀጥቅጦ ወደ ጎን የሸሹብኝ፣ የተበላሹ ብዬ ጥግ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ቧጨር ብታደርጉ ከሥሩ እርጥብ፣ አረንጓዴ የሚል ነገር ታያላችሁ። ከቅርፊቱና ከእንጨቱ መሃል ከወረቀት የሳሳ ሽፋን አለ። ካምቢየም ይባላል። ግንዱን የሚያወፍረው እሱ ነው፤ ወደ ውስጥ ውሃ የሚያወጣውን እንጨት፣ ወደ ውጭ ምግብ የሚያወርደውን ሥርዓት እየሠራ ይኖራል። መሃል ያለው እንጨት በአብዛኛው የሞተ ቧንቧ ነው፤ ከማንም ጋር አይጣበቅም። ሲቆረጡ ጠባሳ ሠርተው የሚቀጣጠሉት የታችኛውና የላይኛው ካምቢየም ናቸው፤ ለዚያውም ጎን ለጎን ከተነካኩ ነው። የእኔ ቀንበጦች ከችግኙ ግንድ ቀጠን ያሉ ነበሩ። መሃል ሳቆማቸው በግራም በቀኝም ካምቢየማቸው የሞተ እንጨት ላይ አረፈ።

(ሙዝ የማይዳቀለው ለዚሁ ነው። ግንድ የሚመስለው የተጠቀለለ ቅጠል ነው፤ እንዲህ ያለ የካምቢየም ቀለበትም የለውም። አቮካዶን ከብርቱካን ጋር ላጋባ የሚልም አይድከም፤ የአቮካዶ ዘመድ ቀረፋ ነው።)

ስለዚህ ቀንበጡ ከችግኙ ከቀጠነ ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ በአንዱ በኩል ያለውን ካምቢየም አጋጥሙት። ሌላው ጎን ክፍት ይቅር። አንድ ጎን በትክክል ከገጠመ ይበቃል። የታችኛው ቅርፊት ወፈር ስለሚል የውጭውን ቅርፊት ከቅርፊት ጋር እኩል አድርጋችሁ እንዳትሸወዱ፤ ማስተካከል ያለባችሁ በውስጥ ያለውን አረንጓዴ መስመር ነው። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ እዩት። መነጽር የምታደርጉ አድርጉ።

ከዚያ እሰሩት፤ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ከታች ወደ ላይ። ጣት የሚያህል ስፋት ያለው የስስ ላስቲክ ቁራጭ ከምንም ይሻላል። በኤሌክትሪክ ስኮች አትሰሩ። ቅርፊቱ ላይ ይጣበቅና ስትፈቱት አብሮ ይልጠዋል።

ሽፋንና ትዕግስት

ቀንበጡ ከታችኛው ጋር እስኪገናኝ ውሃ የሚደርስበት መንገድ የለውም። የሚኖረው በያዘው እርጥበት ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ከረጢት አጥልቁለትና ከመገጣጠሚያው በታች እሰሩት። ከጥላ ሥር አስቀምጡት። አፈሩን እርጥብ እንጂ ጭቃ አታድርጉት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ከረጢቱን በየቀኑ እየከፈቱ «እስኪ ያዘ?» ማለት መግደያው ነው።

በሦስትና በአራት ሳምንት እንቡጡ ይፈነዳል። የት እንደፈነዳ ግን ልብ በሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ችግኝ ለምለም ቅጠል አወጣልኝ። ጎረቤታችን እማማ አይተው «ማሻአላህ፣ ያዘልህ አይደል!» አሉኝ። «ያዘ መሰለኝ እማማ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» ብዬ ቡና ጠጣንበት። በሳምንቱ ቀርቤ ሳየው ቅጠሉ የወጣው ከመገጣጠሚያው በታች ነው። ላይኛው ከሞተ ቆይቷል፤ እኔ የጁስ ቤቱን ዘር ነው የማሞካሸው። ከመገጣጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ገና በለጋው በጣታችሁ ስበሩት። አለበለዚያ ምግቡን እሱ ይወስዳል።

ከላይ የወጣው ቅጠል ሲከፈት መጀመሪያ ከረጢቱን ጥጉ ላይ ቅደዱለት፤ ከቀናት በኋላ አውልቁት። ማሰሪያው ቅጠሉ እስኪጠነክር፣ ሁለት ወር ያህል ይቆይ። ከዚያ ፍቱት። ከረሳችሁት ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል።

መሬት ላይ ማዛወር

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያስተማምን ትከሉ። ጉድጓዱ 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከላይ የወጣውን አፈር ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ከተኛ የአቮካዶ ሥር ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ትከሉ፤ ካልተቻለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። መገጣጠሚያው ከአፈር በላይ ይቅር። ከግድግዳና ከሌላ ዛፍ 6 ሜትር ያህል አርቁት። ስለ ፍየል አልናገርም፤ ወሎ ውስጥ ያለ አጥር ችግኝ የሚተክል የለም።

ያዳቀላችሁት ሀስ ከሆነና ቦታ ካላችሁ፣ ከአጠገቡ ፉኤርቴ ወይም ኤቲንገር የሚባለውን ዝርያ ጨምሩ። የአቮካዶ አበባ ሁለቴ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ። ሀስ ጠዋት በሴትነት፣ በማግስቱ ከሰዓት በወንድነት ይከፈታል። ፉኤርቴና ኤቲንገር ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ናቸው። አንዱ ሲፈልግ ሌላው ይሰጠዋል። ያንን ውሃ ውሃ የሚል ዛፍ ያልቆረጥነው አንዱ ለዚህ ነው፤ ምናልባት ለሀሶቹ የአበባ ዱቄት ይሰጥ ይሆናል። እናቴም ጥላውን አትሰጥም።

የተዳቀለ ችግኝ በተተከለ በዓመቱ ሊያብብ ይችላል። አበባውን አራግፉት። ግንዱ ገና ልጅ ነው። እኔ ከሦስቱ የአንዱ አሳዝኖኝ ተውኩት። ሁለት ፍሬ ያዘ፤ መንገደኛ ሁሉ አየልኝ። ፍሬዎቹ ጡጫ ሲያህሉ ቅርንጫፉ ከነሱ ጋር ወረደ።